የስለት ፒስተን

በ2015 ዓ.ም. በጋው ሊወጣ ሲል፣ ዐቢይ ጾም በተያዘ በሁለተኛው ሳምንት፣ ባለቤቴን ዓይኑን ማየት እስኪያስጠላኝ ድረስ ተቆጣሁት። ጾም ከሥጋና ከወተት ብቻ እንዳልሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስተምሬያቸዋለሁ። ያን ዓመት ግን ከቁጣ መጾም አቃተኝ።

የነገሩ መነሻ ኅዳር ላይ ነው። ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሆስፒታል ገባች። ሕፃኑ በሰላም ወጣ፤ የእሷ ደም ግን አልቆም አለ። ነርሶቹ እየሮጡ ይገባሉ፣ እየሮጡ ይወጣሉ፤ ቆሞ የሚነግረን ሰው የለም። ባለቤቴ ከኮሪደሩ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆመ። ተከተልኩት። ቆቡን አወለቀ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለሰ፣ ከዚያ ሰው ይስማ አይስማ ሳይጨነቅ ጮክ ብሎ ተሳለ።

«እመቤቴ፣ ልጄን መልሽልኝ። ዶቅዶቄዬን እንደ ጥንቷ አድርጌ ጠግኜ፣ እኔው ራሴ እየነዳሁ አምጥቼ በልደታሽ ቀን ደጅሽ ላይ አቆምልሻለሁ።»

አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ደሟ ቆመ። ሐኪሟ ወጥታ «ተርፋለች» ስትለን ባለቤቴ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ። ስሙ ይክበር ይመስገን፣ ልጄንም የልጅ ልጄንም ይዤ ወደ አዘዞ ቤታችን ገባሁ። የልጃችን ባል ለሥራ ወደ መተማ ሄዶ ስለነበር ከእኛው ጋር ተቀመጠች።

ዶቅዶቄዋን የማያውቅ ሰው ስለቱ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። በወጣትነቱ ከዳባት ጀምሮ እስከ ድብ ባሕር ድረስ የገበሬውን ማሳ የዞረው በእሷ ነው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ለራሱ ገዛት። ከዓመታት በፊት ሞተሯ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ቆመች፤ ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ኖረች። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሸራውን ገልጦ አቧራዋን ይጠርግላታል። ሰው ለጥገት ላም እንኳ እንዲህ አይሳሳም። እናም ከቤታችን ውስጥ እሱ ሊሰጠው የሚችለው ትልቁ ነገር እሷ ነበረች። የተሳለላት ቤተ ክርስቲያንም የተወለደበት መንደር ማርያም ናት፤ ከደባርቅ ወዲያ፣ መንገዱ ሊማሊሞን ወርዶ ድብ ባሕር ሊደርስ ሲል።

ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። እንግዳው ተሸኝቶ እንዳበቃ የባለቤቴ ስለት ማነስ ጀመረ።

«እንዲሁ እንዳለች ብሰጣትስ?» አለኝ አንድ ቀን። «ብረትም ቢሆን ይሸጣል።»

«ጠግኜ ብለሃል።»

«በጭንቀት ጊዜ የተባለ ነገር እኮ ነው።»

«የሰማችህም በጭንቀት ጊዜ ነው።»

በማግስቱ ዶቅዶቄዋን በጋሪ አስጭኖ ጋራዥ ወሰዳት። ደስ አለኝ። የተጠራጠርኩትን ይቅር በለኝ ብዬ ጸለይኩ።

ከዚያ ጾም ገባ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ለእሱም ለሜካኒኩም የሚሆን እንጀራና ሽሮ ይዤ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ሜካኒኩ የባለቤቴ የብዙ ዘመን ወዳጅ ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁም ትልቅ። ሞተሩ ተበትኖ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። ሁለቱም በሆነ ነገር ሲስቁ ነው የደረስኩት።

«እትዬ፣ ደረስሽ! ነይ እይ፣ ባጃጅና ዶቅዶቄ ተጋቡ» አለኝ ሜካኒኩ።

«ማን ዳራቸው?»

«ቶርኖ ቤት!»

እንደገና ሳቁ። አሮጌው ፒስተን ተፋፍቆ አልቋል። የሠራው ፋብሪካ ያን ዓይነት ሞተር መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ የባጃጅ ፒስተን ገዝተው፣ ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት በሲሊንደሩ ልክ አስላጭተው አምጥተውታል። ሜካኒኩ ፒስተኑን ሲሊንደሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ አድርጎ አሳየኝ። ልክ ነው፤ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ይንሸራተታል።

ሁለቱን ፒስተኖች አነሣሁና በየእጄ ያዝኳቸው። አሮጌው ጠቁሯል፣ ተቧጥጧል። አዲሱ ያበራል። ዙሪያቸውን ስመለከት ግን አሮጌው ላይ፣ ፋሻ በሚገባባቸው ሁለት ቦዮች ውስጥ፣ የጤፍ ቅንጣት የምታክል ሚስማር አየሁ፤ በየቦዩ አንዳንድ። አዲሱ ላይ የለችም።

«እነዚህ ሚስማሮች እዚህኛው ላይ የታሉ?» አልኩ።

ባለቤቴ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ሜካኒኩ ራሱን አከከ።

«ፋሻ ታውቂያለሽ? ይኼ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት» አለና አነሣልኝ። ቀጭን ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሳይገናኙ ክፍት ናቸው። «የዚህ ሞተር ሲሊንደር ደግሞ ግድግዳው ላይ መስኮት አለው። ነዳጅ በአንዱ ይገባል፣ ጭስ በሌላው ይወጣል። ሚስማሯ ፋሻው እንዳይዞር ትይዘዋለች፤ ከዞረ ጫፉ መስኮት ጋ ይደርስና ይያዛል።»

«ከተያዘስ?»

«ይሰበራል።»

«ከተሰበረስ?»

«ሞተሩ ቀጥ ይላል።»

«ጎማውስ?»

«የኋላው ጎማ አብሮ ቀጥ ይላል» አለና ፊቴን አይቶ ቶሎ ጨመረ፤ «ወዲያው እኮ አይደለም እትዬ! ወርም ትሠራለች፣ ሁለት ወርም ትሠራለች። ለልደታው የስለት ጨረታ ምን አነሳት? ለአሁኑ ይበቃል።»

«በቤተ ክርስቲያን ጨረታ ማን ሞተር ከፍቶ ያያል?» አለ ባለቤቴ፣ ቀና ሳይል።

ያቃጠለኝ እውነቱን መሆኑ ነው። በስለት ጨረታ ዕቃ አገላብጦ የሚያይ የለም። በጉን ጥርሱን አይቶ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ምንጣፉን መዝኖ የሚጫረት ሰው በምእመኑ ፊት ያፍራል። ሰው የሚጫረተው ለበረከት ነው። እኔ ራሴ የስለት ጃንጥላ ገዝቼ የዘረጋሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ዶቅዶቄዋንም የሚገዛት ሰው ከዚያው አገር ነው፤ ሽንኩርት ጭኖ ሊማሊሞን የሚወርድ፣ ሚስቱን ከኋላው አስቀምጦ ደባርቅ ገበያ የሚወጣ። በዚያ መንገድ በአንድ በኩል ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በሌላው በኩል ምንም የለም።

«ለበረከት ብሎ የገዛ ሰው ሊማሊሞ ላይ ጎማው ቀጥ ይበልበት?» አልኩ።

«አንቺ፣ አፍሽን በመልካም ክፈቺ።»

«አንተ በመልካም ሥራ፣ እኔ በመልካም እከፍታለሁ።»

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጾም ነው!» አለ ሜካኒኩ፤ ሳህኑን እየከፈተ። «ሽሮውም ይቀዘቅዛል።»

ሳህኔን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ እሷ አባቷን ትመስላለች፣ ሁሉንም በቀልድ ነው የምታልፈው። አመሻሽ ላይ ሲገባ ጠበቀችና፣ «አባዬ፣ እኔንም በባጃጅ ዕቃ ነው እንዴ የለወጥከኝ?» አለችው።

አልሳቀም። ሕፃኑን ከእቅፏ ወስዶ ግንባሩን ሳመና መለሰላት።

«እናትሽ ስለ ፒስተን ምን አገባት?» አለ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ እንድሰማ።

«ስለ ስለቱ ያገባታላ።»

«ስለቱ የኔ ነው።»

«የዳንኩት ግን እኔ ነኝ» አለች ልጄ። ይህን ስትል አልቀለደችም።

የዚያን ሳምንት ከእኔ አፍ «ብላ» እና «ውሃው ሞቋል» ከሚል በቀር አልሰማም። እሱም አልጠየቀኝም። ዓርብ ጠዋት ነጠላዬን ለበስኩና ሚኒባስ ይዤ ወደ ከተማችን ፒያሳ ወጣሁ። እሱ ካልገዛ እኔ ደህናውን እገዛለሁ ብዬ ነው።

የመለዋወጫ ሱቆቹ ተደርድረዋል። ገብቼ የወጣሁባቸው ሁሉ «እማማ፣ ይኼ እኮ የጥንት ነው» እያሉ መለሱኝ። አንዷ ሱቅ ውስጥ ግን ወጣት ሴት አገኘሁ፤ ጥፍሮቿ በቅባት ጠቁረዋል፣ ጆሮዋ ላይ እስክርቢቶ ሰክታለች። የዶቅዶቄዋን ዓይነትና ዘመን ነገርኳት።

«ኧረ! እማማ ሊነዱ ነው?»

«ብነዳስ?»

«ይንዱልኝ! እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

በዚያ ሳምንት ያን ጊዜ ብቻ ሳቅሁ።

ከመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ሳጥን አወረደች። «የፋብሪካው ኦርጅናል ቀርቷል» አለችኝ። «አሁን ያለው ሌሎች አስመስለው የሚሠሩት ነው። አስመስሎ የተሠራ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። እስቲ ይኼን ይዩት።»

ከፈትኩት። ፒስተኑ ሚስማሮቹ አሉት። በጥፍሬ ጫን ብዬ ብገፋት ግን አንዷ ተነቃነቀች፤ እንደ ሕፃን የወተት ጥርስ።

«አገኟት!» አለች ሳጥኑን እየመለሰች። «ሳጥኑን አይቶ የሚገዛኝ ብዙ ነው። ጠይቆ ለነካ ሰው ግን አልሸጥም።»

«የተሻለ የለም?»

«አለ። ሌላ አገር የሚሠራ፣ ለዚህችው ሞተር ተለክቶ የሚሠራ። ሳጥኑ ተራ ነው፣ ሲያዩት አያምርም። ፋሻዎቹ በቅባት ወረቀት ተጠቅልለው ነው የሚመጡት፤ ሚስማሮቹን በጉጠት ቢጎትቱ አይነቀሉም። ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፣ ግን ይቆያል። ጾም ሊገባ ሲል አንድ መጥቶልኝ ነበር፣ ተወሰደ።»

«ማን ወሰደው?»

«አንድ አባት ናቸው፤ የግብርና ጡረተኛ፣ ከአዘዞ። ደግሞ እንዴት እንደወደዱት! እንደ ሕፃን አቅፈውት ነው የወጡት።» ፊቴን አየችና፣ «ያውቋቸዋል እንዴ?» አለች።

«አውቀዋለሁ ብዬ ነበር» አልኳት።

ሚኒባሱ ውስጥ ደጋግሜ አሰብኩት። ደህናውን ገዝቶ ለምን መጥፎውን ያስገባል? ገንዘብ ለመቆጠብ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ረስቶትም አይደለም። ቤቴ እስክደርስ ድረስ መልሱን አላገኘሁትም፤ ቁጣዬ ግን መልስ አልጠበቀም።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ የዶቅዶቄዋን የነዳጅ ጋን ይወለውል ነበር።

«ደህናው ፒስተን የታለ?» አልኩት።

«የቱ?»

«አቅፈህ ያመጣኸው።»

እጁ ቆመ። ተነሥቶ ወደ ዕቃ ቤት ገባና ከእህል በርሜሉ ጀርባ ተራ ካርቶን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። እየተናደደ ነገረኝ፤ እንደ ተያዘ ሰው ሳይሆን እንደ ተበደለ ሰው። ታላቅ ወንድሙ እዚያው መንደር ነው ያለው። ልደታ ዕለት ዶቅዶቄዋን በባጃጅ ፒስተን እየነዳ ይደርሳል፤ ታስላለች፣ ትጨሳለች፣ ሰውም ብዙ አይጫረትባትም። ወንድሙ ይገዛለታል። ጭኖ አዘዞ ይመልስለታል። ያኔ ሜካኒኩ ደህናውን ፒስተን ይገጥምላታል።

«ቤተ ክርስቲያን ገንዘቧን አገኘች፣ እኔ ዶቅዶቄዬን አገኘሁ» አለ። «ማን ተጎዳ? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ተጎዳ?»

ድምፄ እንዲህ ሲወጣ ራሴም ሰምቼው አላውቅም።

«በሽተኛዋን ለእመቤቴ፣ ጤነኛዋን ላንተ! ልጅህን እንዲህ አድርጋ ሰጥታህ ቢሆንስ? ለጥቂት ቀን፣ ለአሁኑ የምትበቃ አድርጋ?»

«ጨረታው ገንዘብ ነው እኮ! የሚፈለገው ገንዘቡ ነው!»

«ገንዘብ አልተሳልክም። ሰምቼሃለሁ፤ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድምህንስ ሌላ ሰው ቢበልጠው?»

«ለምታስል ዶቅዶቄ ማን ይበልጠዋል?»

«ለእመቤታችን ብሎ የሚጫረት ሰው ሳሏን ይሰማል?»

ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። ያን ጊዜ አየሁት፤ ሌላ ሰው ሊገዛት እንደሚችል አንድ ቀን እንኳ አላሰበም። ዶቅዶቄዋ ሁልጊዜ የእሱ ነበረች፤ ስለት ሆናም፣ ተሸጣም። ያን ሽንኩርት ጫኝ፣ ከኋላው የምትቀመጠውን ሚስቱን አላያቸውም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፉም።

በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«እወዳታለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ለዚያ አይደል የተሳልካት?»

ልቤ ራራ ብል እዋሻለሁ። አልራራም። ከእሱ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አጉድሎብኝ አያውቅም፤ ለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ። ለእኔ ያላጎደለ ሰው ለእመቤቴ እንዴት ያጎድላል? ማታ ሕፃኑን ሳጥበው እግሮቹ ወፍረው፣ ጉልበቱ ላይ ሥጋው ተጣጥፎ አየሁ። ውሃውን እየረገጠ ፊቴ ላይ ረጨኝ። ልጄ ከጀርባዬ ቆማ ትስቃለች፤ ቆማ፣ በሁለት እግሯ። ተመስገን አልኩ፣ ተመስገን ባልኩበት አፍ እንደገና ተቆጣሁ። ይህን ሁሉ ተቀብሎ ነው እኮ የሚከራከረው።

ለጸሎት ስቆም አባታችን ሆይ ጀመርኩ። «እኛም የበደሉንን» የሚለው ጋ ስደርስ ምላሴ ቆመ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እዚያው ቆመ። ሳልጨርሰው ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ ፀሐይ ገና እየወጣች ነበር። ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው ከዓይኑ ያስታውቃል። ስልኬን አወጣሁና እፊቱ ወንድሙ ጋ ደወልኩ።

«ምነው በጠዋት? ደህና አደራችሁ?» አለ ወንድሙ።

«ደህና ነን አያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሕፃኑም ሸጋ ነው። ልደታ ዕለት ዶቅዶቄዋ ላይ እንዳይጫረቱ ልነግርዎት ነው።»

ከወዲያ ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል።

«እንዳልጫረት? እሱ ያውቃል?»

«አጠገቤ ቆሟል።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ምን አድርጎሽ ነው?»

«ራሱ ይንገርዎት» አልኩና ስልኩን ለባለቤቴ ዘረጋሁለት። እጁን ከጋቢው አውጥቶ ተቀበለኝ።

ምን እንደሚለው ለመስማት አልቆምኩም። ደህናው ፒስተን ያለበትን ካርቶን ከነጠላዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። ሜካኒኩ ገና አልከፈተም ነበር፤ በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት።